"ምክር ቤቱ ወስኗል" ሲባል ማን ነው የወሰነው? የቀበሌ ጉባኤ አሠራር የምታውቁ እርዱኝ

የጀፎሮው ልጅ · ሐምሌ 4

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ ጉራጌ አገር ያለ አንድ የገጠር ቀበሌ ነው። ስሙን አልጠራም። ሰዎቹ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ነገም ለቅሶ የምንደራረሰው እኛው ነን።

ጀፎሮ ለማታውቁ፦ በመንደሩ መሃል የሚያልፍ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ። እንሰቱ ከቤቶቹ ጀርባ ነው። ሠርጉ፣ ለቅሶው፣ የመስቀል ጨዋታው ሁሉ እዚያ ነው። ጥጃ ይታሰርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ማንም "የኔ ነው" አይለውም።

ሰሞኑን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መጣ። "የቀበሌው ምክር ቤት ባደረገው መደበኛ ጉባኤ በሙሉ ድምፅ በወሰነው መሠረት" ይልና፣ ከጀፎሮው የታችኛው ጫፍ ተቆርጦ ለወጣቶች ማኅበር የመሥሪያ ሼድ እንዲሰጥ ያዛል። አባቴ የዚያ ምክር ቤት አባል ነው። በ2005 ነው የተመረጠው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ቀርቦ እጅ ማውጣቱን አያስታውስም። ሌላ አባል የሆነ ጎረቤታችንም እንደዚያው። ሊቀ መንበሩን ሲጠይቁት መልሱ አንድ ነው፦ "ምክር ቤቱ ወስኗል።"

ወጣቶቹ ሥራ እንዲያገኙ እፈልጋለሁ፤ ጠቤ ከእነሱ ጋር አይደለም። ማወቅ የፈለግኩት አሠራሩን ነው። የቀበሌ ምክር ቤት በወጉ እንዴት ይጠራል? ስንት ሰው መገኘት አለበት? ቃለ ጉባኤውን ማየት እንችላለን?


ሥራ አስኪያጅ የነበርኩ · ሐምሌ 4

የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አሁን ሌላ ቦታ ነኝ። የማውቀውን ልንገርህ።

ሰው "ቀበሌ" ሲል አንድ አካል ይመስለዋል። የሚወስነው፣ የሚያስፈጽመውና የሚጽፈው ግን ለየብቻ ናቸው። ምክር ቤቱ ሕዝብ የመረጣቸው አባላት ናቸው። ደመወዝ የላቸውም፤ ሥራቸውን ጥለው ነው የሚመጡት። ጉባኤውን የሚመራው አፈ ጉባኤው ነው። ካቢኔው ደግሞ ሊቀ መንበሩ፣ ምክትሉ፣ የጸጥታ፣ የግብርና፣ የሴቶችና የመሳሰሉት ኃላፊዎች ናቸው። በብዙ ቦታ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርና የጤና ኤክስቴንሽኗም አብረው ይቀመጣሉ። ሥራ አስኪያጁ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ተቀጥሮ ነው የሚመጣው። ማኅደሩ፣ ማኅተሙና የወጪ ደብዳቤ መዝገቡ በእሱ እጅ ነው። ከ2008 መጨረሻ ወዲህ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት የሚመዘገበውም እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው።

እኔ በሠራሁበት ቀበሌ ካቢኔው በየሳምንቱ ይቀመጥ ነበር። ምክር ቤቱ በየሦስት ወሩ ነው፤ እሱም እርሻና ገበያ ካልያዘው። እንግዲህ በመሃል የሚመጣውን ጉዳይ ሁሉ ካቢኔው ይጨርሰዋል። መንገድ ጥገናና የስብሰባ ጥሪ ከሆነ ምንም አይደለም። መሬት ሲሆን ግን ካቢኔው ብቻውን ሊወስን አይገባም። "ካቢኔው ወስኗል" ብሎ መጻፍ ስለሚያስጠይቅ ነው "ምክር ቤቱ" ተብሎ የሚጻፈው። ይህን በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው።

ስለዚህ ደብዳቤውን ተወውና ቃለ ጉባኤውን ያዝ። ደብዳቤ ቅጂ ነው፤ ውሳኔው ያለው ቃለ ጉባኤው ላይ ነው። ስታየው መጀመሪያ ቀኑን ተመልከት፤ ቀጥሎ ጠቅላላ የአባላት ብዛት፣ የተገኙ፣ በፈቃድ የቀሩ፣ ያለ ፈቃድ የቀሩ ተብሎ መጻፉን። ከዚያ አጀንዳው በስንተኛ ቁጥር እንደተያዘ። የድጋፍ፣ የተቃውሞና የድምፀ ተአቅቦ ቁጥር መኖሩን። በመጨረሻ የተሰብሳቢዎች ፊርማና አሻራ ያለበት ወረቀት አብሮ መያያዙን፣ የወረቀቱ ቀንም ከቃለ ጉባኤው ቀን ጋር መግጠሙን።

ይህን የመጨረሻውን አደራ። ፊርማ የሚሰበሰበው ባዶ ሉክ ላይ ነው። ከላዩ ርዕስና ቀን ካልተጻፈበት ያ ወረቀት ነገ የማንኛውም ጉባኤ ፊርማ ሊሆን ይችላል።


ኤክስቴንሿ · ሐምሌ 5

ሥራ አስኪያጁ ያላነሳው አንድ ነገር አለ። አጀንዳውን ማን ያወጣዋል?

እኔ ጤና ኤክስቴንሽን ሆኜ ብዙ የቀበሌ ጉባኤ ተቀምጫለሁ። አብዛኛው አጀንዳ ከወረዳ ነው የሚወርደው። ግብር አሰባሰብ፣ ማዳበሪያ፣ የተፋሰስ ሥራ፣ የጤና መድኅን መዋጮ፣ ችግኝ ተከላ። አንድ ባለሙያ ከወረዳ ይመጣና "አቅጣጫ" ይሰጣል። ሰዓቱ ያልቃል። የመንደሩ ሰው ይዞት የመጣው ጉዳይ ግን መጨረሻ ላይ "ልዩ ልዩ" የምትባለዋ ውስጥ ነው የሚገባው። "ልዩ ልዩ" ስትደርስ ግማሹ ሰው ከብት ሊያስገባ ሄዷል። ሴቶቹ ከዚያም ቀድመው ወጥተዋል። የቀሩት አሥራ ምናምን ሰዎች "እሺ እሺ" ብለው ይነሳሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን "በሙሉ ድምፅ" ይባላል። የተቃወመ የለማ።

የአባትህም ጉዳይ "ልዩ ልዩ" ውስጥ ሊሆን ይችላል። አባትህ ጉባኤው ላይ ተገኝቶ ያንን ሳይሰማ ወጥቶ ይሆናል። ስለዚህ "ጉባኤ አልነበረም" ብሎ ከመጀመር ይልቅ ቢጠይቅ ይሻላል።

እኛ ጋ የውሃ ቦኖ ተበላሽቶ ሴቶች ወንዝ ይወርዱ ነበር። በእያንዳንዱ ጉባኤ ይነሳል፤ በእያንዳንዱ ጉባኤ "ልዩ ልዩ" ነው። አንድ ቀን ሴት አባላቱ ተነጋግረው መጡ። አጀንዳ ሲነበብ፣ ገና ሳይጸድቅ፣ አንዷ ተነሳችና "ውሃው አንደኛ ካልሆነ አጀንዳው አይጸድቅም" አለች። ሌሎቹም ተነሱ። አፈ ጉባኤው ከወረዳ የመጣውን ሰው አየው። ሰውየው ዝም አለ። ውሃው አንደኛ ሆነ። የውሃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ደብተሩን ይዛ እንድትቀርብ የታዘዘውም ያን ዕለት ነው። አጀንዳ የሚጸድቀው በአባላቱ ድምፅ መሆኑን አብዛኛው አባል አያውቅም። ጉልበቱ እዚያች ደቂቃ ላይ ነው ያለው።


የጀፎሮው ልጅ · ሐምሌ 5

ኤክስቴንሿ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አባቴን ጠየቅኩት። በሰኔ የችግኝ ተከላ ስብሰባ ነበር፤ ተገኝቶ ፈርሟል። ዝናብ ሲያስገመግም ወጣ። ከዚያ በኋላ ምን እንደተባለ አያውቅም።


ተደራጁ ተባልን · ሐምሌ 5

እኔ የሌላ ቀበሌ ሰው ነኝ፤ ግን ያ "የወጣቶች ማኅበር" የምትሉት እኔም ነኝና ልናገር።

የአባቴ ጓሮ ለወንድማማቾቹ አይበቃም። እንሰት ደግሞ ዛሬ ተክለኸው ነገ አይደርስም፤ ዓመታት ይፈልጋል። ወረዳው "ተደራጁ" አለን፣ ተደራጀን። "ቆጥቡ" አለን፣ ቆጠብን። "ቦታ ከቀበሌ አምጡ" ሲባል ቀበሌው "ለሚቀጥለው ጉባኤ" እያለ አንከራተተን። እንጨትና ብረት ሥራ የተማሩ ልጆች መርካቶ ገብተው ሸክም ተሸከሙ።

ሽማግሌዎቹ "ጀፎሮ አይነካም" ይላሉ። አከብራቸዋለሁ። ግን አዲስ አበባ የከበረ ሰው መጥቶ ቪላ ሲሠራ፣ የግንብ አጥሩን ወደ ጀፎሮው ሲገፋ ማን ጉባኤ ጠራ? ማን ቃለ ጉባኤ ጠየቀ? የኛ ጊዜ ሲደርስ ነው ሕጉ የሚታወሰው። አትከፉብኝ፤ ከልቤ ነው የምናገረው።


የጀፎሮው ልጅ · ሐምሌ 6

አልከፋም። እውነትህን ነው። እኛም መንደር ሁለት አጥር ተገፍቷል፤ ያኔ ዝም ተብሏል። እሱም ይነሳል ብዬ ለአባቴ ነግሬዋለሁ።


ጠበቃው · ሐምሌ 6

ከሕጉ በኩል ጥቂት ልጨምር።

የገጠር መሬት በሕጋችን የግል ይዞታ፣ የወል ይዞታና የመንግሥት ይዞታ ተብሎ ነው የሚታየው። ጀፎሮ የአካባቢው ሕዝብ በጋራ የሚጠቀምበት ስለሆነ በወል ይዞታ ነው የሚታየው። የወል ይዞታ ላይ የተጠቃሚው ማኅበረሰብ ሳይጠየቅ በአንድ ደብዳቤ ቆርጦ መስጠት ትክክለኛ አካሄድ አይደለም። በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አለ፤ እሱ አይቶት ነበር ወይ? ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤትስ ያውቃል? መጀመሪያ ይህ ይጠየቅ።

ቃለ ጉባኤ ማየትን በተመለከተ፦ አባትህ አባል ስለሆነ ጥያቄም አያስፈልገውም፤ የራሱ ጉባኤ ነው። አባል ያልሆነ ሰው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት አለው። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን። ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ላይ "ተቀብያለሁ" አስብሎ፣ ቀንና ፊርማ አስጽፎ መያዝ ነው። በቃል የተጠየቀ ነገር ነገ "ማን ጠየቀ?" ነው መልሱ።

ካልተሳካ ለወረዳው ምክር ቤት አቤቱታ ይቀርባል። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም የአስተዳደር በደል ያያል። ግን ከታች ሳትጀምሩ ላይ ብትወጡ ተመለሱ ነው የምትባሉት።

አንድ ከበድ ያለ ነገርም አለ። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶች መጨረሻ የተመረጡት በሚያዝያ 2005 ነው። የሥራ ዘመናቸው አምስት ዓመት ነበር። በ2010 መደረግ የነበረበት ምርጫ ተራዘመ። በሰኔ 2013 የመረጥነው ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤቶች ነው፤ የቀበሌ ወረቀት አልነበረም። በ2005 ከተመረጠው ሰው መካከል የሞተ አለ፣ ከተማ የገባ አለ፣ ዓረብ አገር የሄደች አለች። ታዲያ ምልዓተ ጉባኤ፣ ማለትም ጉባኤው እንዲጸና መገኘት ያለበት ሰው፣ የሚቆጠረው ከየትኛው ቁጥር ነው? አንዳንዱ ቀበሌ ከተመረጡት ሁሉ ይቆጥራል፤ እንዲህ ከሆነ ጉባኤው ጭራሽ አይሞላም። አንዳንዱ "በሥራ ላይ ካሉት" ይላል። ማን በሥራ ላይ እንዳለ የሚወስነው ግን ያው ካቢኔው ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ላይ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። ያ ሥልጣን ያለ ምርጫ ሲቆይ እየሟሸሸ ነው የሚሄደው። ይህ እኔን በጣም ያሳስበኛል።


ወሎዬ አባል · ሐምሌ 6

እኔ ደቡብ ወሎ የቀበሌ ምክር ቤት አባል ነበርኩ። አሁን በጸጥታው ምክንያት ጉባኤ መጥራት ራሱ ከባድ ሆኗል፤ እንደዚያም ሆኖ አንድ የሠራ ነገር ልንገራችሁ።

ሴፍቲኔት፣ ለችግረኛ ቤተሰብ የሚሰጠው ድጋፍ፣ በ1997 ሲጀመር ትልቁ ጭቅጭቅ ማን ይገባል፣ ማን ይቀራል የሚለው ነበር። አሠራሩ መልካም ነው። ሰውን የሚያውቀው ኮሚቴ ከየጎጡ ስም ይለያል። ዝርዝሩ በአደባባይ ይነበባል። ቅር ያለው ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል፤ ቅሬታ ሰሚው ከመልማዩ ኮሚቴ ተለይቶ ነው የሚቋቋመው። ከዚያ ነው ምክር ቤቱ የሚያጸድቀው።

በአደባባይ ማንበብን ቀላል ነገር አታድርጉት። አንድ ጊዜ ዝርዝሩ ሲነበብ ሁለት በሬና ወፍጮ ያለው ሰው ስም ተጠራ። ከኋላ አንዲት ባልቴት "እሱ ከገባ እኔ ምን ልሁን?" አለች። ሌላ ምንም አልተናገረችም። አንባቢው ቀጥሎ ያለውን ስም ማንበብ አቃተው። ሰውየው ራሱ ተነስቶ "የኔን አውጡት" አለ። ያንን ዝርዝር ካቢኔው ቢሮ ውስጥ ዘግቶ ቢያጸድቀው ኖሮ ማንም አያየውም ነበር።

ስለ ጀፎሮውም ምክሬ ይኸው ነው። ጉባኤው ቢሮ ውስጥ አይሁን። ጀፎሮው ላይ ተቀመጡ። ሊቆረጥ የታሰበውን ቦታ ሰው በእግሩ ቆሞ ይየው።


ሽማግሌው · ሐምሌ 7

ልጆቼ፣ የልጄ ልጅ ነው የሚጽፍልኝ። እኔ የምናገረውን ነው የሚጽፈው።

በ1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ጎረምሳ ነበርኩ። የገበሬ ማኅበር በ800 ሄክታር ይቋቋም ተባለ፤ እኛ 20 ጋሻ ነበር የምንለው። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ፊደል ቆጠርኩና የማኅበሩ ጸሐፊ አደረጉኝ። የፍርድ ሸንጎም ነበረን። መሬት የደረሰው ደስ ብሎት ነበር፤ አልዋሽም። በኋላ ግን ብሔራዊ ውትድርና መጣ። የልጆች ስም ከላይ ተቆጥሮ ይመጣል፤ ቃለ ጉባኤው ላይ "ማኅበሩ መርጧል" እያልኩ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። በአንድ ሌሊት የጎረቤቴን ልጅ ስም ጻፍኩ። እናቱ ጠዋት መጥታ "ማን መረጠው?" አለችኝ። ስለዚህ ይህ "ወስኗል" የሚባል ነገር አዲስ አይደለም።

ከዚያ በፊት ግን የራሳችን ነበረን። ሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ በሚባል ሸንጎ፣ ክስታኔ ጉራጌ ጎርደና በሚባል ሸንጎ ይዳኛል። እዚያ እጅ ማውጣት የለም። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ያልተስማማ ካለ ነገሩ ያድራል፤ ይከርማልም። ይረዝማል፣ አዎ። ሰው ግን "አልሰማሁም" ብሎ አይወጣም። ጀፎሮ ያጠበበ ሰው በራሱ እጅ አጥሩን ነቅሎ ይመልሳል። ሀብታም ነው፣ ድሃ ነው አይባልም። ያ ልጅ ስለ ቪላው የተናገረው እውነት ነው፤ ያኔ እኛ ሽማግሌዎቹ መናገር ነበረብን። ገንዘብ አዋጥቶልን ነበርና አፈርን።

ወጣቶቹን አታባርሯቸው። ጀፎሮው ሲጠብ ሬሳ የምንሸኝበት እናጣለን፤ እነሱ ሥራ ሲያጡ ግን ሬሳ የሚሸኝ ሰውም አይቀርም። ሌላ ቦታ ፈልጉላቸው፤ አለ።


ኤክስቴንሿ · ሐምሌ 7

አባባ፣ ዕድሜ ይስጥልን። የመጨረሻዋን ነገር ለሊቀ መንበሮች ሁሉ ባነበብኩላቸው።

የሽማግሌ ሸንጎ ግን ሴት ብዙ የምትናገርበት አልነበረም፤ እዚህ ላይ ምክር ቤቱን እመርጣለሁ። በምክር ቤቱ ቢያንስ ስሟ በመዝገብ አለ። ሁለቱ ቢደጋገፉ ነው የምመኘው።


ሥራ አስኪያጅ የነበርኩ · ሐምሌ 8

ልጄ የጀፎሮው፣ ቀጣዩ እርምጃ አስቸኳይ ጉባኤ መጠየቅ ነው። አባላቱ በፊርማ አፈ ጉባኤውን መጠየቅ ይችላሉ። ስንት ፊርማ እንደሚበቃ የቀበሌው የውስጥ ደንብ ይናገራል፤ ደንቡ ቢሮ አለ፣ ጠይቁ። ማመልከቻው አጭር ይሁን። ስድብ አይኑርበት። "በቀን እንዲህ በቁጥር እንዲህ የወጣው ደብዳቤ የጠቀሰው ቃለ ጉባኤ እንዲነበብልንና ጉዳዩ በአንደኛ አጀንዳነት እንዲታይ" በሉ፤ ይበቃል። የገበያ ቀን አይሁን። አርብም አይሁን፤ ሙስሊሞቹ ጁምዓ አለባቸው።


የጀፎሮው ልጅ · ነሐሴ 2

የሆነውን ልንገራችሁ።

አባቴና ሌሎች አባላት ፈርመው አስገቡ። ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ ተቆጣ። አፈ ጉባኤው ግን፣ ሳይደግስ አይጣላም፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ "ጥያቄው በወጉ ቀርቧል፣ እጠራለሁ" አለ። የወሎዬውን ምክር ተቀብለው ጉባኤውን ጀፎሮው ላይ አደረጉት። ከትምህርት ቤት ዴስክ መጣ። እኔም ከአዲስ አበባ ወርጄ ከዳር ቆሜ ሰማሁ፤ አባል ያልሆነ መናገር አይችልም ተባለ፣ መስማት ግን አልተከለከለም።

ቃለ ጉባኤው ተነበበ። ልክ እንደተባለው ነው። አጀንዳ አንድ ችግኝ፣ አጀንዳ ሁለት ግብር፣ አጀንዳ ሦስት ልዩ ልዩ። በልዩ ልዩ ሥር በሁለት መስመር "ለወጣቶች ማኅበር ቦታ እንዲሰጥ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል" ይላል። የትኛው ቦታ እንደሆነ አይልም! "ጀፎሮ" የሚል ቃል ደብዳቤው ላይ እንጂ ቃለ ጉባኤው ላይ የለም። የተያያዘው ፊርማም የችግኙ ስብሰባ ፊርማ ነው። አባቴ ፊርማውን አይቶ "የኔ ነው፣ ግን ለችግኝ ነው የፈረምኩት" አለ። ሌሎችም እንደዚያው አሉ።

ዝም ዝም ሆነ። ከዚያ የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ልጅ እግር ነው፣ ተነሳ። "እኛ ጀፎሮ አልጠየቅንም፤ ቦታ ነው የጠየቅነው" አለ። ማመልከቻቸው ተነበበ። እውነቱን ነው። ካቢኔው ነው ጀፎሮውን የመረጠው፤ ካሳ የሚጠይቅ ሰው የሌለበት ቦታ ስለሆነ። ይህን ሊቀ መንበሩ ራሱ ተናገረ። "ከማንም ጓሮ ከምቆርጥ ብዬ ነው" አለ። እኔ ክፋት ብቻ ነበር የመሰለኝ። የሰውየው ጭንቀትም ታየኝ። ወረዳው በዚህ ቀን ቦታ አዘጋጅ ብሎታል፣ ቀበሌው የራሱ ባጀት የለውም፣ ባዶ መሬት የለም። ቢሆንም በምክር ቤቱ ስም መጻፍ አልነበረበትም፤ እሱም ተነግሮታል።

ውይይቱ ረጅም ነበር። አንዲት አባል የተገፉትን ሁለት አጥሮች አነሳች። ከባለቤቶቹ የአንደኛው ወንድም እዚያው ነበር፤ "ለመስቀል ሲመጣ ይነቅላል" ብሎ ቃል ገባ። ሌላኛው ገና ነው። የሼዱ ጉዳይ በድምፅ ተለየ። ደብዳቤው ይሻር፣ ቦታው ከአርሶ አደር ማሠልጠኛው በታች ያለው ይሁን ተባለ። ተቃውሞ ነበር፤ ቁጥሩ ተጻፈ። ሁለት ሰው ድምፅ አልሰጠም፤ እሱም ተጻፈ። የፊርማው ሉክ ላይ አፈ ጉባኤው መጀመሪያ ቀኑንና ርዕሱን በእጁ ጻፈ።


ተደራጁ ተባልን · ነሐሴ 2

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ግን ያ ከማሠልጠኛው በታች ያለው ቦታ ውሃ አይተኛበትም? እኛ ጋ እንደዚያ ያለ ቦታ ሰጥተውን ክረምት ላይ የመጋዝ ማሽኑ ውሃ ውስጥ ቆመ።


የጀፎሮው ልጅ · ነሐሴ 3

ይተኛበታል። ሙሌት ያስፈልገዋል። ልጆቹም ያን አንስተዋል። "ገንዘብ ከየት?" ሲባል ነው ጉባኤው የተነሳው።


መርካቶ · ነሐሴ 3

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ለመስቀል ከሚገቡት ነኝ። አባቶቻችን በ1950ዎቹ በመንገድ ሥራ ድርጅታቸው ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ያወጡ ሰዎች ናቸው፤ ለአንድ ሙሌት ጠጠር አያቅተንም። እኔ ሲኖትራክ ያለው ወዳጅ አለኝ። ለማን ነው የምንሰጠው? ለሊቀ መንበሩ ነው? ለወጣቶቹ ነው? ከዚህ በፊት ለትምህርት ቤት ጣሪያ አዋጥተን የት እንደገባ ሳናውቅ ቀርተናል።


ሥራ አስኪያጅ የነበርኩ · ነሐሴ 3

ጋሼ መርካቶ፣ ለሰው እጅ አትስጡ። መጀመሪያ ምክር ቤቱ መዋጮውን ይቀበል። ምን እንደሚሠራበት፣ ማን እንደሚቆጣጠር፣ መቼ ሪፖርት እንደሚቀርብ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ። ኮሚቴው ውስጥ ከወጣቶቹም፣ ከሽማግሌዎቹም፣ ከሴት አባላቱም ይኑር። በዓይነት ከሆነ በጣም ጥሩ፤ ጠጠሩ በቢያጆ ይቆጠራል፣ ሾፌሩና ተቀባዩ ይፈራረማሉ። ጥሬ ብር ከሆነ በኮሚቴው ስም የተከፈተ፣ በሦስት ፊርማ የሚወጣ የባንክ ሒሳብ ይሁን። ደረሰኝ ሳይቆረጥ አንድ ብር አይሰጥ።


መርካቶ · ነሐሴ 3

በዓይነት ይሁን። የጀፎሮው ልጅ፣ ቀጣዩ ጉባኤ መቼ ነው?


የጀፎሮው ልጅ · ነሐሴ 4

ጳጉሜን ከመግባቷ በፊት ይጠራል ብሏል አፈ ጉባኤው። አጀንዳ አንድ ሙሌቱ ነው፣ አጀንዳ ሁለት ሁለተኛው አጥር። የቦታውን ርዝመትና ወርድ ልጆቹ ዛሬ በሜትር እየለኩት ነው፤ እንደደረሰኝ እዚህ አስቀምጠዋለሁ።